ቪኤም ከሆስት ወደ ሆስት ሲዛወር ታይመሮቹ ይዛባሉ፤ መላ ያለው አለ?

ሰርቨር_ጠባቂ

ሰላም ወገኖች። ግራ ያጋባኝ ነገር ስላለ ነው። ኬቪኤም (አንዱን ማሽን ለብዙ ምናባዊ ማሽኖች የሚያካፍል የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር) ላይ የሚሠሩ የሊኑክስ ቪኤሞች፣ ማለትም ምናባዊ ማሽኖች፣ አሉን። አንዱን ሆስት (ቪኤሞቹን የሚያስኬደውን እውነተኛ ማሽን) ለጥገና ባዶ ማድረግ ሲያስፈልግ ቪኤሞቹን ሳናጠፋ ወደ ሌላ እናዛውራቸዋለን። ላይቭ ማይግሬሽን ማለት ነው። ዝውውሩ ራሱ እንከን የለውም። ኔትወርኩ አይቋረጥም፣ ተጠቃሚውም አይሰማውም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ ቪኤሞች ላይ በየደቂቃው መነሣት ያለበት ሥራ ደቂቃው ሳይሞላ ይነሣል። ሰዓቱም ይሮጣል፣ ያውም ለጉድ ነው፤ በሰዓት አምስት ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ኤንቲፒዲ (ሰዓትን ከኔትወርክ በኤንቲፒ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ይመልሰዋል፣ እንደገና ይሮጣል። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀርና ከቆይታ በኋላ ይስተካከላል። እነዚህ ላይ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ክሮኒ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው።

ሆስቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ግማሹ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ግማሹ 2.6። ሁሉም ኢንቴል ናቸው፣ ሁሉም ቆየት ያሉ። ኤንቲፒ እያለ ይህ እንዴት ይሆናል?

ከርነል_አንባቢ

ሁለት ነገር አይተህ ንገረን። አንደኛ፣ የሚሮጡት ቪኤሞች ውስጥ ገብተህ ከርነሉ ጊዜን ከየት እንደሚያነብ ተመልከት። ሲስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ ክሎክሶርስ0 ሥር፣ ከረንት ክሎክሶርስ የሚባል ፋይል አለ። ሁለተኛ፣ ቪኤሙ የገባበት ሆስት ላይ የኪውኤሙን (ቪኤሙን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ሎግ ክፈት። ስለ ቲኤስሲ (የፕሮሰሰሩ ቆጣሪ) ድግግሞሽ አለመግጠም የሚያወራ ማስጠንቀቂያ ካገኘህ ግማሹ መልስ እዚያው አለ።

ሰርቨር_ጠባቂ

አየሁት። የሚሮጡት ላይ ቲኤስሲ ይላል። ሌሎቹ ላይ ኬቪኤም-ክሎክ ነው። የሚሮጡት ሲነሡ ለከርነሉ "ቲኤስሲን ተጠቀም" የሚል ትእዛዝ ተሰጥቷቸዋል። ሰዓት ቶሎ ቶሎ የሚያነብ ፕሮግራም ስላለባቸው ለፍጥነት ተብሎ የገባ ይመስላል። ሎጉ ላይም ማስጠንቀቂያው አለ። የቪኤሙና የሆስቱ ድግግሞሽ አይገጥምም፣ የቲኤስሲ ስኬሊንግም (ድግግሞሹን ለቪኤሙ የሚያስማማ የፕሮሰሰር ችሎታ) የለም ይላል። ይህን እያወቀ ዝውውሩን ለምን አላስቆመውም?

ከርነል_አንባቢ

ከሥሩ ልጀምር፤ ትንሽ ይረዝማል።

ቲኤስሲ ኢንቴል በ1993 ከፔንቲየም ጋር ያመጣው ቆጣሪ ነው። በዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ኮሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም እሱ በአንድ ፍጥነት ይቆጥራል። ግን የሚሰጥህ ቁጥር እንጂ ጊዜ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ናኖሰከንድ የሚቀይረው ከርነሉ ነው። ለዚያ ደግሞ ቆጣሪው በሰከንድ ስንት እንደሚል ማወቅ አለበት። ያንን የሚያውቀው ሲነሣ ነው። አንዴ ይይዘዋል፣ እስኪጠፋ ድረስ በዚያው ይኖራል። ርቀትን በእርምጃ የሚለካ ሰው መንገድ መሀል እርምጃው ቢያጥርበትና ሳያውቅ ቢቀጥል፣ የሄደው ከእውነቱ በላይ ይመስለዋል። ያንተ ቪኤም የገጠመው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ቪኤሙ የተነሣው 2.4 ጊጋኸርዝ ሆስት ላይ ነው። ስለዚህ 2.4 ቢሊዮን ሲቆጠር አንድ ሰከንድ አለፈ ይላል። 2.6 ላይ ሲገባ ያው ቁጥር በ0.923 ሰከንድ ይሞላል። እውነተኛ 60 ደቂቃ ሲያልፍ እሱ 65 ብሏል። አምስት ደቂቃህ ይኸው ነው።

ኤንቲፒዲ ይህን አይችለውም። የሰዓትን ፍጥነት የሚያርመው ቢበዛ ከሚሊዮን በ500 ነው። ያንተ መዛባት ከሚሊዮን 83,333 ነው። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው። የሚመልሰው ደግሞ የቀኑን ሰዓት ነው። ሞኖቶኒክ የሚባለውን፣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄደውን ሰዓት ወደ ኋላ አይመልሰውም፣ ሊመልሰውም አይገባም። "60 ሰከንድ ጠብቅ" ያልከው ታይመር የተንጠለጠለው ግን በሞኖቶኒኩ ላይ ነው። ለዚህ ነው ቀኑና ሰዓቱ በየጊዜው እየተስተካከለ ታይመሩ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሣው። የቀኑን ሰዓት ብቻ እያየ "ተስተካክሏል" የሚል ሰው ይህን ችግር መቼም አያገኘውም።

ዝውውሩ ለምን አልቆመም ላልከው፣ ኪውኤሙ ሆን ተብሎ እንዲህ ነው የተጻፈው። የድግግሞሽ አለመግጠም ብቻውን ዝውውርን አያስቆምም፤ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል። ድግግሞሹን ቪኤሙ ኮንፊግ ላይ በግልጽ ካሰፈርከው ግን ይከለክላል። ለእኔ ይህ ነገር መታወቅ አለበት። ጸጥ ብሎ የሚበላሽ ሰዓት ካልተሳካ ዝውውር ይብሳል።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ እኔ ገና እየተማርኩ ነው። ኬቪኤም-ክሎክ ላይ ያሉት ለምን አልሮጡም? እሱም የሚያነበው ያንኑ ቲኤስሲ አይደለም እንዴ?

ከርነል_አንባቢ

ልክ ነህ፣ ያንኑ ነው የሚያነበው። ልዩነቱ ቁጥሩን ወደ ጊዜ የሚቀይረውን ማባዣ ማን ይሰጣል የሚለው ላይ ነው። በኬቪኤም-ክሎክ ሆስቱ ለእያንዳንዱ ቪሲፒዩ (የቪኤሙ ፕሮሰሰር) አንድ ትንሽ የሜሞሪ ቦታ ይጋራል። እዚያ ላይ "ቲኤስሲ ይህን ያህል ሲል ጊዜው ይህ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የቆጠረውን በዚህ አባዛ" ብሎ ይጽፋል። ቪኤሙ ሲዛወር አዲሱ ሆስት የራሱን ማባዣ ይጽፍበታል። በቃ፣ ፍጥነቱ ተስተካከለ። ሲጽፍ መሀል ላይ እንዳይነበብ የቨርዥን ቁጥር አለ፤ ጎዶሎ ከሆነ እየተጻፈ ነው ማለት ነው፣ አንባቢው ደግሞ ይሞክራል።

ግን ይህ የሚያድነው በከርነሉ በኩል ጊዜን የሚጠይቀውን ነው። ከርነሉን አልፎ ቲኤስሲን በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራም ካለ ማባዣውን የሚነግረው የለም። የፍጥነት መለኪያ መሣሪያዎችና አንዳንድ የዳታቤዝ ሞተሮች እንዲህ ያደርጋሉ።

ሌላው ደግሞ ራሱ ታይመሩ ነው። ሰዓት ማንበብ ሌላ፣ "በዚህ ጊዜ ቀስቅሰኝ" ማለት ሌላ። ዘመናዊ ሊኑክስ የሎካል ኤፒክ ታይመርን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ታይመር) በቲኤስሲ ዴድላይን ነው የሚሞላው። "ቲኤስሲ ይህን ቁጥር ሲደርስ ኢንተራፕት (የመቀስቀሻ ምልክት) ላክ" ይላል። ያንን ቁጥር የሚያሰላው ሲነሣ በያዘው ድግግሞሽ ነው፤ ኬቪኤም-ክሎክ እዚህ ውስጥ የለም። 2.4 ላይ ተነሥቶ 2.6 ላይ ያለ ቪኤም 100 ሚሊሰከንድ ቢጠይቅ በ92 ገደማ ይቀሰቀሳል። ከርነሉ ሰዓቱን ሲያይ ገና ነው፣ ታይመሩን መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ፕሮግራምህ ቀድሞ አይነሣም፤ የሚጨምረው የኢንተራፕት ብዛት ነው።

ከ2.6 ወደ 2.4 ከሄድክ ኬቪኤም ሌላ ዘዴ አለው። ቪኤሙ ወደ ሥራ በገባ ቁጥር ቲኤስሲውን ወደ ፊት ይገፋዋል። በአማካይ ይደርሳል፣ ግን መሀል መሀል ላይ ይዘላል። አጭር ጊዜ የሚለካ ፕሮግራም ላይ ቁጥሩ ይዥጎረጎራል።

ነባሩ

ከርነል_አንባቢ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። እኔ ከድሮው ጥቂት ልጨምር፤ ዛሬም ኮንፊግ ውስጥ የሚገኙ ቃላት ከየት እንደመጡ ስለሚያሳይ።

ድሮ ጌስቱ (ቪኤሙ ውስጥ ያለው ሲስተም) ጊዜን የሚያውቀው የታይመር ኢንተራፕት በመቁጠር ነበር። ፒት የሚባለው ታይመር በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ይመታል፤ ከእሱ በሰከንድ 100 ወይም 1000 ኢንተራፕት ይወጣል። ሆስቱ ሥራ በዝቶበት ቪኤሙን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ካላስኬደው ኢንተራፕቶቹ ይጠፋሉ፣ ሰዓቱም ይዘገያል። መፍትሔው የጠፉትን አከማችቶ በኋላ በፍጥነት መላክ ነበር። ሊብቨርት (ቪኤሞችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ውስጥ ቲክ ፖሊሲ ተብሎ ካችአፕ፣ ዲሌይ፣ መርጅ፣ ዲስካርድ የሚሉት ምርጫዎች የዚያ ዘመን ናቸው። ዘመናዊ ሊኑክስ ኢንተራፕት እየቆጠረ ጊዜ ስለማይጠብቅ ካችአፕ ብዙም አይጠቅመው። ከድሮ ጌስት ጋር የምትኖሩ ግን አትንኩት።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ። ቪኤም ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሌላ ቀን ሌላ ሆስት ላይ ሲነሣም ነገሩ ያው ነው፣ ክፍተቱ ብቻ ይሰፋል። ኤንቲፒዲ ከ1000 ሰከንድ በላይ ልዩነት ካየ በነባሪው ሥራውን አቁሞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የሚጠብቅ የለም። ይህን የሚከታተል ነገር አብራችሁ አዘጋጁ።

ሰርቨር_ጠባቂ

ነባሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ስላነሡልኝ በተለይ አመሰግናለሁ፤ ከስናፕሾት የምናነሣቸው አሉን።

የሚሮጡት ገብተውኛል። ያንን የከርነል ትእዛዝ አውጥቼ ወደ ኬቪኤም-ክሎክ እመልሳቸዋለሁ። የቀሩት፣ ትንሽ ወደ ኋላ የሚቀሩትስ? ፍጥነታቸው ትክክል ከሆነ ለምን ይቀራሉ?

ከርነል_አንባቢ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደባልቀው። ፍጥነት አንድ ችግር ነው፣ ክፍተት ሌላ ችግር ነው። መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ላይቭ ማይግሬሽን ሜሞሪውን እየደጋገመ ይቀዳል። የቀረው ሲያንስ ቪኤሙን ያቆምና የመጨረሻውን ቀድቶ እዚያ ማዶ ያስነሣዋል። ኪውኤሙ በነባሪው ይህ መቆሚያ ከ300 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ያቅዳል። እቅድ ነው፤ ኔትወርኩ ካልረዳው ሊበልጥ ይችላል። ሲቆም ኬቪኤም-ክሎክም ቲኤስሲም ያሉበት ቁጥር ይመዘገባል። ሲነሣ ከዚያው ቁጥር ይቀጥላሉ። ለቪኤሙ ያ ጊዜ አልነበረም። ዓለም ግን 300 ሚሊሰከንድ ሄዳለች። በተዛወረ ቁጥር ይህ ይደመራል።

የቀኑን ሰዓት የሚያስተካክለው ክሮኒ ነው። እሱ ደግሞ ሰርቨሩን የሚጠይቀው በነባሪው ከ64 እስከ 1024 ሰከንድ ባለው ጊዜ ነው። ሰዓቱ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ከቆየ ወደ 1024 ይጠጋል። 17 ደቂቃ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍተቱን አያውቀውም። ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ የሚመጣው ኮንፊግ ደግሞ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ እንዲገፋ የሚፈቅድለት በመጀመሪያዎቹ ሦስት እርማቶች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚያስኬደው። ያየኸው መዘግየት ከዚህ ነው የመጣው።

መፍትሔው ቪኤሙ ሰዓቱን ከኔትወርክ ሳይሆን ከሆስቱ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ከሊኑክስ 4.11 ጀምሮ ፒቲፒ-ኬቪኤም የሚባል ድራይቨር አለ። ቪኤሙ ውስጥ የፒቲፒ (ከኤንቲፒ የበለጠ ትክክለኛ የሆነ የሰዓት ማስተካከያ) ሰዓት ሆኖ ይታያል፤ ክሮኒ እንደ ማጣቀሻ ሰዓት ይወስደዋል። ኔትወርክ ስለሌለበት በየጥቂት ሰከንዱ ቢጠየቅ ማንንም አይከብድም። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል። ሆስቱ ራሱ ክሎክሶርሱ ቲኤስሲ መሆን አለበት። ደግሞም ሆስቶቹ ሁሉ በኤንቲፒ ወይም በፒቲፒ እርስ በርስ የተስማሙ መሆን አለባቸው። ሁለት የማይስማሙ ሆስቶች መካከል ቪኤም ስታመላልስ ሰዓቱንም አብረህ ታመላልሳለህ።

የመስኮት_ልጅ

ዊንዶውስ ጌስት ላላችሁ አጭር ነገር። ኪውኤሙ ላይ የሃይፐር-ቪን (የማይክሮሶፍት ሃይፐርቫይዘር) ሰዓት አብሩለት፤ ሊብቨርት ሃይፐርቪ-ክሎክ ይለዋል። ሐሳቡ እንደ ኬቪኤም-ክሎክ ነው። የተጋራ ገጽ፣ ማባዣና ማካካሻ፣ ውጤቱ በ100 ናኖሰከንድ መለኪያ። ገጹ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ገጹን ትቶ ሃይፐርቫይዘሩን በቀጥታ ይጠይቃል። ከዝውውር በኋላ አዲሱ ሆስት ገጹን ያድሰዋል። ኤችፔት የሚባለውን ታይመር ደግሞ አጥፉለት። ሳያስፈልግ ፕሮሰሰር ይበላል።

ክንድ64

በኤአርኤም ሰርቨር የምትሠሩም ካላችሁ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚህ ቲኤስሲ የለም፣ ጀነሪክ ታይመር ነው ያለው። ሃይፐርቫይዘሩ ለቪኤሙ ማካካሻ መስጠት ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ፍጥነቱን መቀየር ግን አይችልም። የቆጣሪው ፍጥነት ደግሞ ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ 25 ሜጋኸርዝ ያለው አለ፣ 100 ያለው አለ። በነዚህ መካከል ማዛወር አይታሰብም። ከኤአርኤም ቪ8.6 ጀምሮ 1 ጊጋኸርዝ እንዲሆን ስለተደነገገ ወደ ፊት ይቀላል።

ዳታቤዟ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከሌላ ጎን ነው የምመጣው። ስለ ቀኑ ሰዓት ብዙ አወራችሁ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ያ ክፍተት ሞኖቶኒክ ሰዓት ላይ አለመቆጠሩ ነው።

ሊዝ (ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ የመሪነት ፈቃድ) የሚጠቀም ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ) አስቡ። አንዱ ኖድ "ለ10 ሰከንድ መሪው እኔ ነኝ" ብሎ ፈቃድ ወስዷል። 9 ሰከንድ ላይ ሲዛወር ለ2 ሰከንድ ቆመ። ሲነሣ በራሱ ሞኖቶኒክ ሰዓት ገና 9 ነው፣ 1 ሰከንድ ይቀረኛል ይላል። ሌሎቹ ዘንድ 11 ሆኗል፤ ሊዙ አልቋል፣ ሌላ መሪ ተመርጧል። ለአንድ ሰከንድ ሁለት መሪ አለ። ሁለቱም ይጽፋሉ። ይህ በሎግ ላይ ስህተት ሆኖ አይታይም። የሚታየው በኋላ፣ ዳታው ሲጋጭ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ሞኖቶኒኩም የቆመበትን ጊዜ መቁጠር አለበት። ለምን ተደበቀ?

ከርነል_አንባቢ

እህቴ፣ ሐሳብሽ ጠንካራ ነው። ግን ተቃራኒውንም አስቢው። ሞኖቶኒኩ ድንገት 2 ሰከንድ ቢዘል በዚያ ክልል ውስጥ ያሉ ታይመሮች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ። ኢትሲዲ የሚባለው የክላስተር ዳታቤዝ በነባሪው በየ100 ሚሊሰከንዱ የልብ ምት ይልካል፣ 1000 ሚሊሰከንድ ምንም ካልሰማ ምርጫ ይጠራል። ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው "1000 አልፏል" የሚለውን ነው። ከመሪው የመጣው መልእክት በኔትወርክ ካርዱ ወረፋ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ እሱ ግን ሳያነበው ምርጫ ይጠራል። ጤነኛ ክላስተር ያለ ምክንያት ይናወጣል።

ደግሞ የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው። ከሊኑክስ 5.16 ጀምሮ የሆስቱ ኬቪኤም ሰዓቱን ሲመልስ ከቀኑ ሰዓት ጋር አዛምዶ ያለፈውን እንዲጨምር የሚያደርግ አማራጭ አለው። ሃይፐርቫይዘሩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ከጠየቀው ይቻላል።

ዳታቤዟ

ያለ ምክንያት የተጠራ ምርጫ ዳታ አያጠፋም፤ ጥቂት ሰከንድ ያስከፍላል። ሁለት መሪ ግን ዳታ ያጠፋል። ሁለቱን በእኩል አልመዝናቸውም። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ካልከኝ ምርጫ ይጠራ።

ቡትታይም የሚባለውን ሰዓት ተጠቀሙ ሲሉም እሰማለሁ። እሱ ጌስቱ ራሱ ያወቀውን እንቅልፍ ነው የሚቆጥረው። ዝውውርን ጌስቱ አላወቀውም፣ ስለዚህ ቡትታይምም አያድንም። ይህ ምክር መሰጠቱ ይቁም።

ከርነል_አንባቢ

ቡትታይም ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሊዝ ላይም አስቤ ወዳንቺ አዘንብያለሁ፤ ግን ለሊዝ ብቻ። ለሌላው ታይመር ሁሉ ሰዓቱን ማዝለል ብዙ የሚያናውጥ ይመስለኛል።

አስተማማኙ መንገድ ደግሞ ሰዓቱን ጨርሶ አለማመን ነው። እያንዳንዱ ሊዝ ከፍ እያለ የሚሄድ ቁጥር ይኑረው፤ ማከማቻው ከሚያውቀው ያነሰ ቁጥር ይዞ የመጣን ጽሑፍ አልቀበልም ይበል። ያኔ የድሮው መሪ ምን ያህል ቢተኛም ጉዳት የለውም። ማከማቻው ይህን የማያውቅ ከሆነ ቢያንስ የሊዙ ትርፍ ጊዜ ከዝውውሩ መቆሚያ ይብለጥ። 300 ሚሊሰከንድ ታቅዶ 2 ሰከንድ ሊሆን እንደሚችል ተይዞ።

ጌስቱ እንደተዛወረ የሚያውቅበት መንገድም እየመጣ ነው። ቪኤምክሎክ የሚባል አዲስ መሣሪያ አለ። የተጋራ ገጽ ላይ የሚቀመጥ ምልክት ቁጥር አለው፤ ቪኤሙ ሲዛወር ወይም ከተቀመጠበት ሲነሣ ቁጥሩ ይቀየራል። ፕሮግራምሽ ከመጻፉ በፊት ቁጥሩን አይቶ "ተቀይሯል፣ ሊዜን ላድስ" ማለት ይችላል። ለሊዝ ችግር ይህን ያህል የቀረበ ነገር እስካሁን አላየሁም።

አዲስ_ገቢ

ሰከንዶች ቆሞ ሲነሣ ከርነሉ ራሱ "ሲፒዩ ተቆልፏል" ብሎ አይጮህም? አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሎግ አይቻለሁ።

ነባሩ

ሶፍት ሎክአፕ ነው ያየኸው። በነባሪው ከ20 ሰከንድ በላይ ሲሆን ነው የሚጮኸው። ኬቪኤም-ክሎክ ባለበት ሆስቱ በተጋራው ገጽ ላይ "ቆመህ ነበር" የሚል ምልክት ያደርጋል፤ ከርነሉ አይቶ ዝም ይላል። ክሎክሶርሱን በግድ ከሚቀይሩ ሰዎች ጋር የማልስማማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የፓራቨርችዋል ሰዓቱን (ኬቪኤም-ክሎክን) ጨርሶ ካጠፋኸው አብረውት የሚሄዱ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ጥንቃቄዎችም ይቀራሉ።

በቀን ሰዓት ላይ የሚንጠለጠል ታይመር ለምትጽፉም፣ ታይመርኤፍዲ በሚባለው የሊኑክስ ታይመር ውስጥ ሰዓቱ በዘለለ ጊዜ ታይመሩን የሚሰርዝና ለፕሮግራሙ የሚነግር አማራጭ አለ። ከሊኑክስ 3.0 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

ሰርቨር_ጠባቂ

ትልቅ ትምህርት ነው። እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የከርነሉን ትእዛዝ አውጥቻለሁ፣ ሁሉም ቪኤሞች ኬቪኤም-ክሎክ ላይ ናቸው። ኤንቲፒዲ የነበረባቸውን ወደ ክሮኒ ቀይሬ ፒቲፒ-ኬቪኤምን አስገብቻለሁ። አሁን ከዝውውር በኋላ ሰዓቱ ወዲያው ይያዛል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንዱ፣ መስተካከሉን እንዴት ልለካ? ሌላው፣ ያ ሰዓት ቶሎ ቶሎ የሚያነበው ፕሮግራም ባለቤቶች ቲኤስሲ እንዲመለስላቸው ይፈልጋሉ። አዲስ ሆስቶች ሊገቡ ነው፣ ስኬሊንግ አላቸው ተብሏል። ይቻላል?

ከርነል_አንባቢ

መለካቱን በሁለት ክፈለው። ለፍጥነት፣ የክሮኒን ትራኪንግ ትእዛዝ ውጤት ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ተመልከት። ፍሪኩዌንሲ የሚለው ቁጥር ጥቂት አሥሮች ከሚሊዮን ቢንቀሳቀስ አትደንግጥ። አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት ሆስቶች እንኳ ክሪስታላቸው አይመሳሰልም። ከሚሊዮን 70 ልዩነት ቢኖር በቀን 6 ሰከንድ ነው፤ ክሮኒ ተምሮ ያርመዋል። በመቶዎች ከዘለለ ግን ቁም።

ምክንያቱም አንድ የተደበቀ ገደብ አለ። ኬቪኤም የተጠየቀው ድግግሞሽ ከሆስቱ ጋር ያለው ልዩነት ከሚሊዮን 250 በታች ከሆነ "ያው ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ስኬሊንግ አያደርግም። ከሚሊዮን 250 በቀን 21.6 ሰከንድ ነው። ለአብዛኛው ሥራ ችግር የለውም። ትክክለኛ ጊዜ ለሚለኩ ሰዎች ግን ብዙ ነው፤ የኬቪኤም ሞጁል ላይ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ለክፍተቱ ደግሞ፣ በየ10 ሚሊሰከንዱ ሞኖቶኒኩንና የቀኑን ሰዓት ጎን ለጎን የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ቪኤሙ ውስጥ አስኪድ። ያንኑ ቁጥር በኔትወርክ ወደማይዛወር ማሽን ላክና እዚያ የደረሰበትን ጊዜ መዝግብ። ቪኤሙ ውስጥ ብቻ ካየህ መቆሚያው አይታይህም፤ ለእሱ የለምና። ከውጭ ሲታይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ አዎ ይቻላል። ስኬሊንግ ማለት ፕሮሰሰሩ ራሱ የሆስቱን ቲኤስሲ በአንድ ክፍልፋይ አባዝቶ፣ ማካካሻ ጨምሮ ለቪኤሙ ይሰጠዋል ማለት ነው። 2.6 ሆስት ላይ ያለ ቪኤም 2.4 ብቻ ያያል። ዴድላይኑም በዚያው ይሰላል፣ በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራምም ይድናል። ኤኤምዲ ቀድሞ አስገብቶታል፣ ኢንቴል በሰርቨር ፕሮሰሰሮቹ ከስካይሌክ ጀምሮ።

ለቪኤሙ ኢንቫሪያንት ቲኤስሲን ("የቲኤስሲ ፍጥነት አይለዋወጥም" የሚለውን ምልክት) ስታሳየው ሊኑክስ ራሱ ከኬቪኤም-ክሎክ አስበልጦ ቲኤስሲን ይመርጣል፤ በከርነል ትእዛዝ ማስገደድ አያስፈልግህም። ግን ኢንቫሪያንት ብቻውን ሲበራ ኪውኤሙ ዝውውርን ይከለክላል። ድግግሞሹን አብረህ ስትጽፍ ይፈቅዳል፤ የማይገጥምና ስኬሊንግ የሌለው ሆስት ላይ ግን አይገባም። ያንተን አሮጌ ሆስቶች የሚከለክልልህ ይኸው ነው።

ሰርቨር_ጠባቂ

ገባኝ። ለክላስተሩ የትኛውን ድግግሞሽ ልምረጥ? ደግሞ አሁን እየሠሩ ባሉት ቪኤሞች ላይ ልጽፈው እችላለሁ?

ከርነል_አንባቢ

አሮጌዎቹ እስኪወጡ ድረስ የተቀላቀለ ክላስተር ስለሚኖርህ ከእነሱ አንዱን ድግግሞሽ ያዝ፤ 2.4 ከያዝክ 2.4 ሆስቶችህና አዲሶቹ ይቀበሉታል፣ 2.6ቹ አይቀበሉትም። ክብ ቁጥር አትጻፍ። ሆስቱ ሲነሣ ከርነሉ የለካውን በኪሎኸርዝ ከሎጉ ውሰድ።

እየሠራ ባለ ቪኤም ላይ አይሆንም። ጌስቱ ድግግሞሹን የሚይዘው ሲነሣ ነው ብለናል። ኮንፊጉን ቀይረህ ቪኤሙን ከውስጥ ሪቡት ብታደርገው እንኳ ያው የኪውኤሙ ፕሮሰስ ነው የሚቀጥለው፣ አዲሱን ኮንፊግ አያነበውም። ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ እንደገና አስነሣው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ዝውውር ከማድረግህ በፊት ከረንት ክሎክሶርስን ደግመህ እይ።